የጠፋው ሽፋን፦ ከሚላኖ እስከ ጄኔቫ

ድሬዳዋ፣ እናቴ ቤት፣ አባቴ ምድር ባቡር ጋራዥ ይሠራ ከነበረበት ዘመን የተረፈ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። በውስጡ ከመፍቻዎችና ከአሮጌ የደመወዝ ወረቀቶች ጋር አንዲት የፈረንሳይኛ መጽሔት ትገኛለች። ሽፋን የላትም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎቿም ተገንጥለዋል። ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንሳዊ ባልደረባው ትቶለት እንደሄደ አባቴ ነግሮኛል። ፊደል ሳልቆጥር ሥዕሎቿን በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ ኮፍያ ያደረገ፣ ጆሮው ላይ ቀለበት ያንጠለጠለ ቀጭን መርከበኛ፣ ከጎኑ ደግሞ ከአፋር በረሃ ወደ ገበያችን ይመጡ የነበሩትን ሰዎች የሚመስል፣ ኩሽ የሚባል ተዋጊ።

መጽሔቷ «ፒፍ ጋጄት»፣ መርከበኛው ኮርቶ ማልቴዜ፣ ሠዓሊው ደግሞ ጣሊያናዊው ኡጎ ፕራት መሆናቸውን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ፕራት እ.ኤ.አ. በ1927 ሪሚኒ ተወልዶ ቬኒስ ያደገ ሰው ነው። በ1937፣ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከወራሪው ኃይል ጋር የመጣውን አባቱን ተከትሎ ከእናቱ ጋር ኢትዮጵያ ገባ። ገና በአሥራ አራት ዓመቱ አባቱ የቅኝ ግዛት ፖሊስ መለዮ አለበሰው። ጣሊያን ሲሸነፍ አባትየው ተማረከና በ1942 በምርኮ ላይ እንዳለ ሞተ፤ ልጁና እናቱ ደግሞ ድሬዳዋ በነበረው የእስረኞች ሰፈር ተቀመጡ። እዚያ ሳለ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ፣ በሥዕል የሚተረክ ታሪክ፣ እየገዛ ያነብ ነበር።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያነበብኩ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። እኔ በተወለድኩባት ከተማ፣ በዚያችው ፀሐይ፣ አንድ ልጅ ኮሚክ ሲገዛ ታየኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ አሮጌ ኮሚክ እሰበስባለሁ፤ መርካቶ የአሮጌ መጻሕፍት ተራን፣ በብሔራዊ ቴአትር ዙሪያ መጽሐፍ አንጥፈው የሚሸጡትን፣ ቤታቸውን ለቀው የሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች የሚያወጡትን ካርቶን ሁሉ ስፈትሽ ኖሬአለሁ።

በ2017 የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሚላኖ ወደምትኖረው ታላቅ እህቴ ሄድኩ። ሁለት ነገር ፍለጋ ነበር ጉዞዬ፦ ኮርቶ ማልቴዜ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት የ«ሰርጀንት ኪርክ» መጽሔት ቁጥር አንድ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሙሉ የሆነች የአባቴ ፒፍ። የጉዞውን ቀናት በእኛ፣ የመጽሔቶቹን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ።

ሚላኖ፣ ቅዳሜ ግንቦት 16 ቀን 2017

ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ የሚወስደው አውቶቡስ 10 ዩሮ ነው፤ ያን ሰሞን 1,500 ብር ገደማ መሆኑ ነው። እህቴ ፖርታ ቬኔትሲያ አካባቢ ትኖራለች። በሰፈሩ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስለሞሉ ከአውቶቡስ ወርጄ ሃያ ደቂቃ ሳልቆይ የቡና ሽታ ተቀበለኝ። በርበሬውንና ሽሮውን ከሻንጣዬ እያወጣሁ ስለ መጣሁበት ጉዳይ ነገርኳት። የእንጀራ መሶቡን ከፍታ ቆም አለች።

«ሽፋኑ ጠፋ ትላለህ እንዴ? አልጠፋም። እማዬ የሒሳብ ደብተሬን ሸፍናበታለች። ቢጫ ነበር፤ ውሻና ድመት ነበሩበት። አራተኛ ክፍል ሳለሁ።»

ሃያ ዓመት ስፈልገው እህቴን አንድም ቀን አልጠየቅኳትም። ጋዜጣና የውጭ መጽሔት ቤት ከገባ ዕጣው የደብተር ሽፋን መሆን እንደነበር የማያውቅ የእኛ ዘመን ተማሪ የለም። ወፍራምና አንጸባራቂ የሆነው ደግሞ ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ይመረጥ ነበር። የመጽሔቷን ቁጥር ከታሪኩ ተነሥቼ ካወቅኩ ቆይቻለሁ፤ ሽፋኑን ግን ያየሁት በስልክ መስኮት ላይ የጥፍር ያህል ሆኖ ነው። እውነትም ቢጫ ነው።

ናቪሊዮ ግራንዴ፣ እሑድ ግንቦት 17

በየወሩ የመጨረሻ እሑድ በናቪሊዮ ግራንዴ ቦይ ዳርና ዳር የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረስኩ። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ የብር ማንኪያው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቷል። ኮሚክ የያዙት ጠረጴዛዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ከሩቅ የሚያስታውቁት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጫፍ ሳጥን በሚያገላብጡ ሽማግሌዎች ነው።

ጣሊያኖች ኮሚክን «ፉሜቶ» ይሉታል፤ ትንሽ ጭስ ማለት ነው። የገጸ ባሕርያቱ ንግግር የሚጻፍበት ክብ ከአፍ የሚወጣ ጭስ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። የመጽሔቱን ይዞታ የሚገልጹበት ቃል ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። እንከን የሌለውን «ኤዲኮላ» ይሉታል፤ የመንገድ ዳር የጋዜጣ መሸጫ ማለት ነው። ገና አሁን ከመሸጫው የተገዛ ይመስላል እንደማለት። ስድሳ ዓመት የሆነው ወረቀት እንዲህ ሲባል ስሰማ ያንን መጽሔት ሳያጣጥፍ ያነበበውን፣ ወይም ገዝቶ ጨርሶ ያላነበበውን ሰው አስባለሁ።

በብዛት ያለው ቶፖሊኖ፣ የሚኪ ማውስ የጣሊያንኛ መጽሔት፣ ነው፤ የሰማንያዎቹ ቅጂዎች በአንድና በሁለት ዩሮ ይሸጣሉ። እኔ በ1983 ከተጀመረውና በራሱ በኮርቶ ማልቴዜ ስም ይታተም ከነበረው ወርኃዊ መጽሔት አራት ቁጥር በሦስት ሦስት ዩሮ ገዛሁ። ከዚያ ዐይኔ አንዲት ጠባብና ረጅም ደብተር ላይ አረፈ። «ቴክስ» የተባለው የላሞች እረኛ ጀብዱ በመስከረም 1948 ሲጀመር በእንዲህ ዓይነት «ስትሪሻ» ነበር የሚወጣው፤ ቁመቷ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ዋጋዋ 15 ሊሬ፣ ልጆች ኪሳቸው ውስጥ ከትተው የሚሮጡባት ነገር። ስለዚህም ነው ከእነዚያ ጥቂቶቹ ብቻ የቀሩት። ሻጩ የመጀመሪያው ዓመት እትም መሆኗን ምሎ 60 ዩሮ ጠራ፤ በ40 ተስማማን። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈልኩት።

ጄኖቫ፣ ማክሰኞ ግንቦት 19

ከሚላኖ በባቡር ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። «ሰርጀንት ኪርክ» በሐምሌ 1967 የታተመው በጄኖቫ ነበር፤ ፍሎሬንሶ ኢቫልዲ የተባለ የፕራት ሥራ ወዳድ የሆነ የከተማው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ አሳተመው። ብዙም ሳይዘልቅ ችግር ላይ ወደቀ። መጽሔቱ ሲወጣ ለሽያጭ ተብሎ የተሠራ ሳይሆን ለፍቅር ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ዛሬ ገበያ ላይ እንደ ልብ አይገኝም።

የአሮጌው ከተማ መንገዶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ ናቸው። የሐረር ጀጎልን ውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚያውቅ ሰው እዚህ አይጠፋውም፤ ልዩነቱ የእነሱ ቤት ስድስትና ሰባት ፎቅ ሆኖ ሰማዩን መዝጋቱ ነው። በሁለት ዩሮ ተኩል ትኩስ ፎካቻ ገዛሁና ቆሜ በላሁ፤ ዘይቱ እስከ ክርኔ ወረደ። ወደ አሮጌ መጻሕፍት ነጋዴ ዘንድ እየሄድኩ ስለነበር ቧንቧ ፈልጌ ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ።

ነጋዴው ሰባ የዘለቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር ሰው ነው። በስልክ ቀጠሮ ይዘን ስለነበር መጽሔቱን አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ጥርት ካለ የፖሊስተር ከረጢት ውስጥ አውጥቶ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስቀመጠልኝ። ጓንት አልሰጠኝም፤ ጓንት የጣትን ስሜት ስለሚቀንስ ቅጠል የሚቀደደው በእሱ ነው፣ የታጠበና የደረቀ እጅ ይሻላል አለኝ።

ገለጥኩት። ባሕሩ መጣ። ከጥቂት ገጾች በኋላም ኮርቶ ማልቴዜ፣ እጅና እግሩ በተጋጠሙ ተንሳፋፊ እንጨቶች ላይ ታስሮ፣ ውቅያኖስ መካከል ተጥሎ ታየ። ኋላ በብዙ አገር የታወቀው ሰው ወደ ዓለም የገባው እንዲህ ተጥሎ ነው። ይህን ገጽ በመጽሐፍ መልክ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እዚህ ግን ጥቁሩ ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ሰምጧል፤ ከማዕበሉ መስመሮች አንዱ ላይ የማተሚያው ሮለር የጣለው የጤፍ ፍሬ የምታህል ነጭ ነጥብ አለች። ጠርዙ ወደ ቡናማ ያደላ ሲሆን ሁለቱ የሽቦ ስፌቶች ዙሪያቸውን በዝገት አቅልመውታል። ሽታው እንደ ጣፋጭ እንጨት ነው።

ነጋዴው ስለ ወረቀቱ ነገረኝ። ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ከተፈጨ እንጨት ስለሚሠራ በውስጡ የሚቀረው ንጥረ ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱ ራሱን ወረቀቱን ይበላዋል። የሚቢጨውም የሚሰባበረውም ለዚህ ነው። ማዘግየት ይቻላል እንጂ ማዳን አይቻልም። እኔም ስለ እኛ ብራና ነገርኩት፤ በፍየል ቆዳ ላይ ተጽፈው አምስትና ስድስት መቶ ዓመት የኖሩ መጻሕፍት ገዳሞቻችን ውስጥ ዛሬም ይነበባሉ። ሽማግሌው ዝም ብሎ አዳመጠኝና፣ «እኛ የምንሰበስበው ለአንድ ሳምንት እንዲኖር የተሠራ ነገር ነው» አለ።

ዋጋው 450 ዩሮ ነበር። ወደ 67,500 ብር። ስለ ድሬዳዋው የእስረኞች ሰፈር፣ ከጠባቂዎች ኮሚክ ስለሚገዛው ልጅና ስለ አባቴ ሳጥን ስነግረው ወደ 400 ዝቅ አደረገልኝ፤ ከዚያ በታች እሱ ራሱ የገዛበት ነው። አስቤበት፣ ወጥቼ ቡና ጠጥቼ፣ ተመልሼ አልችልም አልኩት። የልጆቼ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ቅር አላለውም። ሦስት ባዶ የፖሊስተር ከረጢትና አሲድ የሌለበት ካርቶን ሰጠኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ። «አንዱ ለአባትህ መጽሔት» አለኝ።

ቬኒስ፣ ሐሙስ ግንቦት 21

እ.ኤ.አ. በ2025 በዚያ ሰሞን ከዓርብ እስከ እሑድ ለአንድ ቀን ጉብኝት ወደ ቬኒስ የሚገባ ሰው ቀድሞ ከከፈለ 5፣ ዘግይቶ ከከፈለ 10 ዩሮ ይጠየቅ ነበር። ሐሙስ ነጻ ስለነበር ሐሙስን መረጥኩ። ፕራት ልጅነቱን ያሳለፈበትን ከተማ ማየት ፈልጌ ነበር፤ አየሁት፣ ውብ ነው፣ ሰው ግን ሰውን ይገፋል። የማስታውሰው አንድ መጽሐፍ ቤት ነው። ውኃ ሲሞላ መጻሕፍቱ እንዳይርሱ በጎንዶላና በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ደርድረዋቸዋል። የሻጋታው ሽታ ከበር ይቀበላል። በድሬዳዋ የወረቀት ጠላት ምስጥና አቧራ ነው፤ ደረቁ ሙቀት ወረቀቱን ያጠወልገዋል እንጂ አያሻግተውም። የአባቴ መጽሔት ሃምሳ ዓመት የኖረችው የባሕር ዳር ከተማ ስላልተወለድን ይመስለኛል።

እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ዳቦ ስበላ ቦርሳዬን ከጎኔ አስደግፌ ነበር። ከቦዩ የመጣ ጀልባ ያስነሣው ውኃ ደረጃው ላይ ወጥቶ የቦርሳውን ታች አራሰው፤ ከናቪሊዮ ከገዛኋቸው አራት መጽሔቶች የሁለቱ ጠርዝ ውኃ ጠጣ። ሚላኖ ስመለስ በየቅጠሉ መካከል ነጭ ሶፍት አስገብቼ፣ በየሰዓቱ እየቀየርኩ፣ በመጨረሻ የእህቴ ትልቅ መዝገበ ቃላት ሥር አሳደርኳቸው። ተርፈዋል፤ ሞገድ የመሰለ መጨማደድ ግን ቀርቶባቸዋል። የረጠበ መጽሔት ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አይሰጣም፤ ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ።

አሬትሶ፣ ቅዳሜ ግንቦት 23 እና እሑድ ግንቦት 24

ለዚህ ጉዞ ከሁሉ በላይ የጓጓሁት አሬትሶን ለማየት ነበር። ከ1968 ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድና በዋዜማው ቅዳሜ ትልቅ የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ ይካሄድበታል። የከተማው ዋና አደባባይ ፒያሳ ግራንዴ ተዳፋት ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ የታችኛው እግራቸው ሥር እንጨት ተወትፎላቸዋል።

ያረፍኩት በአንዲት ባልቴት ቤት ነው፤ ከቁርስ ጋር 55 ዩሮ። ማታ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ወደ ምግብ ቤት አትወጣም ብለው ከእራታቸው አካፈሉኝ። ያደረ ዳቦ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ተፈትፍቶ። ቃሪያ ቢጨመርበት የእናቴ ቲማቲም ፍትፍት ነው፤ ይህንኑ ስነግራቸው ሣቁና ደገሙልኝ። ስለ ኮሚክ ስናወራ ተነሥተው ከአልጋ ሥር አንድ ካርቶን ጎትተው አመጡ። የሟች ባለቤታቸው «ዲያቦሊክ» ነበር። እነዚህን ኪስ የሚገቡ ጥቁር ታሪኮች አንጄላና ሉቻና ጁሳኒ የተባሉ የሚላኖ እህትማማቾች በ1962 የጀመሯቸው በባቡር ወደ ሥራ ለሚመላለስ ሰው እንዲመቹ አስበው ነው። ባልየውም የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እንደ አባቴ።

ሴትየዋ የተላቀቁትን ሽፋኖች በስኮች ለጥፈዋቸዋል። ልቤ ደነገጠ፤ የስኮች ሙጫ ከጊዜ በኋላ ወደ ወረቀቱ ሰርጎ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ደግሞ ይረግፋል። የተለጠፈውን ለመላጥ እንዳይሞክሩ፣ ሌሎቹን ግን እንዲሁ ላላ ብለው እንዲተዉአቸው ነገርኳቸው። ከጄኖቫ ከተሰጡኝ ከረጢቶች አንዱን ሰጠኋቸው፤ መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት ባለቤታቸው ያነቡት የነበረውን ቁጥር መርጠው ከተቱበት። ለመግዛት አልጠየቅኩም።

እሑድ ጠዋት የቴክሷን ስትሪሻ ለአንድ የታወቀ የአሮጌ ወረቀት ነጋዴ አሳየኋት። የማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ሳይናገር ለእኔ ሰጠኝ። የፊደሎቹ ጠርዝ ደፍኗል፤ ቀጫጭን መስመሮች ተጣብቀዋል። ፎቶ ተነሥቶ እንደገና የታተመ ነገር እንዲህ ይሆናል። የሽቦ ስፌቱ ላይ ዝገት የለም። ወረቀቱ ደግሞ ተነክሮ ቢጫ የሆነ እንጂ ከጠርዝ ወደ መካከል ያረጀ አይደለም፤ እውነተኛ እርጅና ከዳር ነው የሚጀምረው። «አናስታቲካ» አለኝ። ዋናውን እንደ ወረደ የሚያባዛ፣ በግልጽ እስከተነገረ ድረስ ሕጋዊ የሆነ እትም ነው። የእኔዋ የኋላ ሽፋን ላይ ይህንኑ የሚናገረው መስመር በምላጭ ተፍቋል። ብርሃን ላይ ስይዛት የተፋቀው ቦታ ስስ ሆኖ አየሁት።

አርባ ዩሮው አንገብግቦኛል። ከአርባ ዩሮው በላይ ያንገበገበኝ ግን ናቪሊዮ ላይ የተንቀጠቀጠው እጄ ነው። ያን ስሜት አንድ ሰው በምላጭ ሠርቶ ሸጠልኝ። አዲስ አበባ ተመልሼ ስትሪሻዋን አልጣልኳትም፤ ከኋላዋ በእርሳስ «ቅጂ» ብዬ ጽፌ ለጀማሪ ሰብሳቢዎች ማሳያ አድርጌአታለሁ። መቼም ማንም አይታለልባትም።

ከሰዓት በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ላይ የ1936 የሕጻናት ሳምንታዊ ጋዜጦች ጥራዝ አገኘሁ። ገለጥኩ። በሁለተኛው ቁጥር ላይ እኛ ነበርን። ነጭ የፀሐይ ኮፍያ ያደረጉ ወታደሮች ፈገግ ብለው ይራመዳሉ፤ ፊት ለፊታቸው ባዶ እግሩን የሆነ፣ ከንፈሩ ተጋንኖ የተሣለ ሰው ጋሻውን ጥሎ ይሮጣል። ቀለሞቹ እንደ ከረሜላ ያማሩ ናቸው። ለስምንትና ለአሥር ዓመት ልጆች የተሠራ ነው። እናቴ ስለዚያ ዘመን የነገረችኝ፣ አያቴ ስለ መርዝ ጭሱ የተናገረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣብኝና ቆሜ ቀረሁ። ሻጩ ወጣት ነበር፤ ፊቴን አይቶ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ስነግረው ጥራዙን ሊዘጋው እጁን ዘረጋ። አትዝጋው አልኩት።

ያንን አንዱን ቁጥር በ12 ዩሮ ገዛሁ። ሰብሳቢ ጓደኞቼ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር በገንዘብ መግዛት ማክበር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ደግሞ ማስረጃው በእጃችን መኖር አለበት እላለሁ፤ ወረቀቱ ራሱን እየበላ ነው፣ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ አልተሣለም ቢሉን ምን እናሳያለን? ፕራትም እኮ ወደ እኛ አገር የመጣው እንዲህ ያለ ሥዕል እያየ ያደገ ልጅ ሆኖ ነው። ይህንን ሳያውቅ ኩሽን ያነበበ ሰው የኩሽ ክብደት አይገባውም።

በዶሞዶሶላ በኩል፣ ሐሙስ ግንቦት 28

ሚላኖ ጥቂት ቀን አርፌ ወደ ስዊዘርላንድ በባቡር ተነሣሁ። ድንበሩ ላይ፣ ዶሞዶሶላ፣ አንድ ጠባቂ ፓስፖርቴን አይቶ ሻንጣዬን አስከፈተኝ። በካርቶን የታሸጉትን ሲያይ ሥዕል መስለውት አንዱን ፈታ፤ አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ገጽ ሊገልጥ ሲል ሳላስበው እጁን ያዝኩት። ሁለታችንም ደነገጥን። ይቅርታ ጠይቄ እኔ ልግለጥልዎ አልኩ። ዝም ብሎ ተመለከተኝ፣ ከዚያ «ቴክስ የለህም?» አለኝ። ልጅ ሆኖ ያነበባቸውን ሲዘረዝር ባቡሩ ሊነሣ ሆነ።

ቀጥሎ ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የሲምፕሎን ዋሻ ነው፤ በ1906 የተከፈተ። ከዋሻው ሲወጣ ዋጋው ሁሉ ይቀየራል። ሚላኖ 1 ዩሮ ከ30 ሳንቲም የነበረው ቡና ሎዛን ላይ 4 ፍራንክ ተኩል ሆኖ ጠበቀኝ። እህቴ የቋጠረችልኝ ዳቦ ቆሎ እስከ ማግስቱ ምሳ አደረሰኝ።

ግራንቮ፣ ዓርብ ግንቦት 29

ከሎዛን በአካባቢው ባቡር አሥር ደቂቃ ነው። መንደሩ ከጄኔቫ ሐይቅ በላይ ተዳፋት ላይ ተለጥፎ ይታያል፤ ዙሪያው በድንጋይ ካብ የተያዘ የወይን እርከን ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ካቡን ሲያይ ቆም ይላል። የሁለቱም አገር እርከን በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እዚህ ግን በየእርከኑ መካከል ባቡር ያልፋል።

ፕራት የመጨረሻ ዓመታቱን የኖረው እዚህ ነው፤ በነሐሴ 1995 ያረፈውም በዚሁ አካባቢ ነው። በስሙ በተሰየመው አደባባይ ላይ ከነሐስ የተሠራ ኮርቶ ማልቴዜ ወደ ሐይቁ እያየ ቆሟል። ካፖርቱ ጫፍ ላይ ሰው እየነካው ነሐሱ ነጥቷል። ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ማንም አልነበረም።

ረጅም ጊዜ ቆምኩ። በአሥራ አራት ዓመቱ በእናት አባቴ አገር ላይ የወራሪ መለዮ የለበሰ ልጅ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ሥዕሉን መውደዴ ይህን አላስረሳኝም። እወደዋለሁ፤ ምክንያቱንም መናገር እችላለሁ። በ1972 እና በ1973 ስለ እኛ አካባቢ ሲሥል ኩሽን የማንም አሽከር አላደረገውም። ኩሽ መርከበኛውን ይቃወመዋል፣ ይገሥጸዋል፣ ሲፈልግ ትቶት ይሄዳል። ከአሬትሶው ገጽ ላይ ጋሻውን ጥሎ ይሮጥ የነበረው ሰው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ በአንድ እጅ ተመልሶ ቆመ። ያ እጅ ደግሞ ድሬዳዋ ላይ ከጠባቂዎች ኮሚክ የተቀበለ እጅ ነው።

ጄኔቫ፣ ቅዳሜ ግንቦት 30

የፕሌንፓሌ አደባባይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ረቡዕና ቅዳሜ ይቆማል። ፈረንሳይኛ የሚነገርበት አገር ስለሆነ የፒፍ ተስፋዬ እዚህ ነበር። መሬቱ ቀይ ጠጠር ነው፤ ሲረገጥ ይንሿሿል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴትዮ በሙዝ ካርቶን ውስጥ ፒፍ ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመጽሔቱ ጋር በነጻ ይሰጥ የነበረው አሻንጉሊት የሌለበት 3 ፍራንክ፣ ያለበት 15። አሻንጉሊቱ ነው ዋጋውን የሚያንረው፤ ልጆች ሰብረው የጣሉት ነገር።

በርከክ ብዬ አንድ በአንድ አገላበጥኩ። ቁጥሮቹ ተዘበራርቀዋል። አርባ ያህል አልፌ አንድ ቢጫ ጠርዝ ወጣ። አውጥቼ ከማየቴ በፊት ትንፋሼን ያዝኩ። ቁጥሩ ነው። ውሻው አለ፤ ድመቱም። በቀስታ ወደ መካከል ገለጥኩ፦ መርከበኛው፣ ጠመንጃው፣ ኩሽ። ጣቶቼ ገጾቹን እንደ ዳዊት ያውቋቸዋል። ከዚያ በአባቴ ቅጂ ላይ የሚያልቅበት ገጽ ደረሰ፤ ገለጥኩ፤ አላለቀም። ሁለቱ ቅጠሎች እዚያው ነበሩ። መጨረሻውን በመጽሐፍ ካነበብኩት ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ በዚህ ወረቀት ላይ፣ በዚህ ሽታ ሲመጣ ግን እንደ አዲስ አነበብኩት፤ እዚያው ጠጠሩ ላይ ተንበርክኬ።

የጀርባው ማጠፊያ በአንድ ጥፍር ያህል ተቀዷል፤ ከላይ በቀኝ በኩል የዝገት ነጥብ አለ። «ኤዲኮላ» አይደለም። ሦስት ፍራንክ ከፈልኩ። ሴትዮዋ በጋዜጣ ሊጠቀልሉልኝ ሲሉ የጄኖቫውን ከረጢት አወጣሁ።

ሚላኖ፣ ያው ቅዳሜ ማታ

አራት ሰዓት ያህል የፈጀው ባቡር ያለ አንዳች ችግር አደረሰኝ። እህቴ ቡና እያፈላች ነበር። መጽሔቷን ከረጢቷ ውስጥ እንዳለች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አየቻት፤ ጀበናውን ከእሳቱ አወረደች፤ እጇን ታጥባ፣ በፎጣ አድርቃ ተቀመጠች። ሳልነግራት።

«አውጣት» አለችኝ። አወጣኋት።

በአመልካች ጣቷ የሽፋኑን ጠርዝ ሳትጫን ተከተለች፤ ወደ ውስጥ ይታጠፍ የነበረውን ቦታ ታውቀዋለች። ከታች፣ ድመቱ እግር አጠገብ፣ ቢጫው ባዶ በሆነበት ላይ ጣቷ ቆመ።

«ስሜን እዚህ ጋ ነበር የጻፍኩት» አለች። «አራተኛ ለ።»